ሦስት ደሴቶችና አንድ አራስ ቤት

አብዛኞቻችሁ ማለዳ ልጅ አልብሳችሁ፣ ምሳ ዕቃ አስይዛችሁ፣ ታክሲ ተሰልፋችሁ ሥራ የምትገቡ ናችሁና፣ ዛሬ ስለ ደሴት ኑሮ ላወራችሁ ስነሣ «ይህችን ሴትዮ ምን ነካት?» ሳትሉኝ አትቀሩም። አልፈርድባችሁም። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ደሴት ሲባል የማውቀው የጣናንና የዝዋይን ብቻ ነበር። ከዚያ ያለፈውን ያየሁት በጉዞ ወኪሎች መስኮት ላይ ተለጥፎ ነው፤ ዘንባባ፣ ነጭ አሸዋ፣ ባርኔጣ ያጠለቀች አንዲት ሴት፣ በቃ። ልብሷን ማን እንደሚያጥብላት፣ ልጇን ለማን ትታ እንደመጣች ሥዕሉ አይናገርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የበኩር ልጄ ባል የማቀዝቀዣ መካኒክ ነው። ፍሪጅ፣ የበረዶ ክፍል፣ የአየር ማቀዝቀዣ ሲበላሽ የሚጠራው እሱ ነው። በሞቃት ባሕር ዳር ሆቴል የከፈቱ ሰዎች ደግሞ ያለ እንዲህ ያለ ባለሙያ አንድ ሳምንት አይውሉም፤ ዓሣው ይሸታቸዋል፣ እንግዳውም ይሸሻቸዋል። ስለዚህ በሁለት ዓመት ውል ሲሼልስ ተቀጥሮ ሄደ፤ ልጄም ተከተለችው። እዚያው አረገዘች። መውለጃዋ ሲቃረብ «እማዬ፣ ካላንቺ አልወልድም» ብላ ደወለች። ሠላሳ ዓመት በመዝገብ ቤት ፋይል ሳገላብጥ ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ገና አራት ወሬ ነበር። የገንፎ ዱቄቱን፣ በሶውን፣ ሽሮና በርበሬውን ቋጥሬ ልጄን ላርስ ተነሣሁ፤ ሦስት ወር ቆይቼ ተመለስሁ።

ውሉ ሊያልቅ ሲል ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ መጣ። ያለበት ሆቴል ቀጥል አለው፤ ከሞሪሸስ አንድ ድርጅት ፈለገው፤ ከዛንዚባርም ሌላ ሆቴል ጠየቀው። ልጄ እንደገና ደወለች። «አንቺ መጠየቅና መመዝገብ ታውቂበታለሽ፤ ከሦስቱ ሰው የሚኖርበት የትኛው ነው?» አለችኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «አንቺም መጥተሽ እኛው ጋ ብትኖሪስ?» ብላ ጨመረች። ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። ቤቱ ውስጥ ከእኔና ከድመቷ በቀር ማንም የለም። እንግዲህ ደብተር ገዛሁ።

ከማሄ ልጀምር፤ እሱን በዓይኔ አይቼዋለሁና። ሲሼልስ 115 ደሴቶች ያሉት አገር ሲሆን አብዛኛው ሰው የሚኖረው በማሄ ላይ ነው። የአገሩ ሕዝብ በጠቅላላው አንድ መቶ ሺህ ያህል ነው። ማሄ ከባሕር ቀጥ ብላ የወጣች የድንጋይ ተራራ ናት፤ ጫፏ 905 ሜትር ይደርሳል። ሜዳው ጥቂት ስለሆነ ቤቶቹ በተራራው ወገብ ላይ የተለጠፉ ይመስላሉ። ልጄ ከተከራየችው ቤት ለመድረስ ከአውቶቡስ ማቆሚያው 83 ደረጃ መውጣት ነበረብን። ቆጥሬዋለሁ። እርጉዝ ሴት በአንድ እጇ ወገቧን፣ በሌላው የገበያ ዘንቢሏን ይዛ ያን ስትወጣ አስቧት። በመስኮቱ ሥዕል ላይ ደረጃ የለም።

ሙቀቱ ሌሊትም አይለቅም። የታጠበ ልብስ አይደርቅም፤ ቁም ሣጥን ውስጥ የከረመ ጫማ ሻጋታ ያወጣል። የሊጡን ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ ሦስት ቀን የሚጠበቅ ሊጥ እዚያ በማግሥቱ ገንፍሎ ከቡሃቃው ይወርዳል። እኔ ግን በአዲስ አበባ ልማዴ ሦስት ቀን ጠበቅሁ፤ የመጀመሪያውን እንጀራ አማቼ አንዴ ጎርሶ ዝም አለ። አክባሪ ልጅ ስለሆነ እንጂ ኮምጣጤ ነበር። ሁለተኛውን ማታ አቡክቼ በማግሥቱ ጋገርሁ፤ ደኅና ሆነ። ጤፉ ሲያልቅ የሩዝ ዱቄት ቀላቀልሁበት። በርበሬውን በጠርሙስ አሽጋችሁ ፍሪጅ ካላስገባችሁት ደግሞ ይጓጉላል። የምትይዙትን እህልና ተክል ነክ ነገር ሁሉ አየር ማረፊያው ላይ ማስታወቅ ግዴታ ነውና ሻንጣችሁ ውስጥ አትሸሽጉት።

ገበያው ውድ ነው። ምክንያቱም ሩዙ፣ ዱቄቱ፣ ዘይቱ፣ ሽንኩርቱ፣ የሕፃን ወተቱ፣ አብዛኛው ነገር በመርከብ ከሌላ አገር የሚመጣ ነው። የራሳቸው የሆነው ዓሣና የዳቦ ፍሬ የሚሉት ነው። ይህ ፍሬ የሰው ራስ ያክላል፤ ሲቀቅሉት ጣዕሙ ወደ ድንች ይጠጋል፤ በኮኮነት ወተትም ይሠሩታል። የዳቦ ፍሬ የበላ እንግዳ ተመልሶ ይመጣል ይላሉ። እኔ ሦስት ጊዜ በልቻለሁ።

ውኃም አለላችሁ። ዙሪያውን ባሕር፣ በታኅሣሥና በጥር የሚወርደው ዝናብ ደግሞ የእኛን ክረምት የሚያስንቅ ነው፤ ሆኖም ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ደረቅ ወራት ውኃ በፈረቃ የሚሆንበት ጊዜ አለ። መሬቱ ቀጥ ያለ ድንጋይ ነውና ዝናቡ ተንደርድሮ ባሕር ይገባል፤ የሚጠራቀምበት ሜዳ የለም። ጨዉን ከባሕር ውኃ የሚያጣሩ ጣቢያዎች አቁመዋል። እኔ ግን ጀሪካን ሞልቶ ማስቀመጥ የለመድሁ ሰው ነኝና በዚህ በኩል ያስተማረኝ የለም፤ እንዲያውም ለልጄ አከራይ እኔ ነኝ ያስተማርሁት።

ወደ ሐኪም ቤቱ ልምጣ። ሕክምና ለአገሩ ዜጋ በነፃ ነው፤ የውጭ ሰው ይከፍላል። የአማቼ ውል «የሠራተኛውና የቤተሰቡ ሕክምና በአሠሪው» ይላል። ልጄ ስትወልድ ግን መውለድ በሽታ ስላልሆነ በዚህ ቃል ውስጥ አይገባም ተባሉ። በመዝገብ ቤት ዘመኔ ብዙ የተጣመመ አንቀጽ አይቻለሁ፤ እንደዚህ ያለውን ግን አላየሁም። ከኪሳቸው ከፈሉ። አዋላጆቹ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ እጃቸው የተባረከ፣ ቃላቸው ለስላሳ ነበር። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ሕፃን እዚያ አገር ስለተወለደ ብቻ ዜጋ አይሆንም። ከወላጆቹ አንዱ የአገሩ ሰው መሆን አለበት። ሞሪሸስም እንደዚሁ ናት። የልደት ወረቀቱን ይዞ በራስ ኤምባሲ በኩል ማስመዝገብ የወላጅ ሥራ ነው፤ ውሎ ሲያድር ይረሳል።

ይህን ሁሉ ብጽፍም ደሴቲቱን የከለከለችኝ ሙቀቷም፣ ውዱ ገበያዋም፣ ደረጃዋም አይደለም። ልጄ ናት።

ልጄ አዲስ አበባ ውስጥ ሰባት ዓመት የሂሳብ ሠራተኛ ነበረች። ማሄ ስትገባ ግን በወረቀቱ ላይ የተጻፈችው የሠራተኛ ሚስት ተብላ ነው። የውጭ ሰው እዚያ የሚሠራው አሠሪው ባወጣለት ፈቃድ፣ ለተባለው ሥራና ለተባለው ጊዜ ብቻ ነው። የባል ፈቃድ ለሚስት አይሆንም። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ ቁጭ አለች። በደረስሁ በሳምንቱ «ባሕሩን ላሳይሽ» ብላ እየሳቀች ወሰደችኝ። እንዲህ ያለ ሰማያዊ በዕድሜዬ አላየሁም፤ ታች ያለው አሸዋ ሳይቀር ይታያል። በሁለተኛው ወር ግን መጋረጃውን ጧት እኔ ካልገለጥሁት እሷ አትገልጠውም ነበር። የአራስነት ድካም ነው ብዬ ተውሁት። አንድ ሌሊት ሕፃኗ አልቅሳ ብነሣ ልጄን ጠረጴዛው ላይ አገኘኋት። የሁለት ዓመቱን የመብራትና የውኃ ደረሰኝ ሁሉ ዘርግታ፣ በወር በወሩ መስመር አስምራ፣ ትደምራለች። ደምራ ጨርሳ ታመሳክራለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኋት።

«እጄ እንዳይረሳ ነው፣ እማዬ» አለችኝ።

ሕፃኗን አቅፌ ዝም አልሁ። ባልዋ ክፉ ሰው አይደለም፤ ደመወዙን እንዳለ የሚያስረክብ ነው። እሷ ግን አንድ ፓኬት የንጽሕና መጠበቂያ ለመግዛት እንኳ ከእሱ መጠየቅ ሆነባት። እናንተ ሠርታችሁ የምታድሩ ይህን አስረዱኝ ብላችሁ አትጠይቁኝም።

አሁን ወደ ሞሪሸስ እንሻገር። እዚያ አልሄድሁም፤ ያወቅሁት በጎረቤቴ ነው። ልጄ ከሐኪም ቤት የወጣች ዕለት ሰማንያ ሦስቱን ደረጃ ወጥተን በሩ ላይ ስንደርስ፣ ለሴት ልጅ የሚባለውን እልልታ ብቻዬን አቀለጥሁት። አብሮ የሚቀበለኝ ባለመኖሩ ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። ወዲያው ከላይ ካለው ቤት አንዲት ሴት በነጠላ ጫማ እየሮጡ ወረዱ፤ ሰው የሞተ መስሏቸው ነው። ሕፃኗን ሲያዩ ሳቁ፤ ተመልሰው ወጥተው የዓሣ ሾርባ ይዘው መጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማዳም እንላቸዋለን፤ በዕድሜ ከእኔ እምብዛም አይርቁም። በእኔ ስብርባሪ እንግሊዝኛና በልጄ አስተርጓሚነት ብዙ አወጋን።

ማዳም የተወለዱት ዲዬጎ ጋርሲያ ነው። ይህች ደሴት ቻጎስ ከሚባሉት፣ በሕንድ ውቅያኖስ መካከል ካሉት ደሴቶች ትልቋ ናት። ሕዝቧ ኮኮነት እያደረቀ ይኖር ነበር። እንግሊዝ ደሴቲቱን ለአሜሪካ የጦር ሠፈር ልትሰጥ ስለፈለገች ከ1968 እስከ 1973 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የቻጎስን ነዋሪዎች በሙሉ አስወጥታ ወደ ሞሪሸስና ወደ ሲሼልስ በመርከብ አራገፈቻቸው። ማዳም በ1971 የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። ከሁሉ የሚያስታውሱት ውሻቸውን ነው። የደሴቲቱን ውሾች ሰብስበው ኮኮነት ማድረቂያው ቤት ውስጥ በጋዝ ፈጇቸው። ይህን ሲነግሩኝ አላለቀሱም፤ የሕፃኗን ካልሲ ደጋግመው ያጥፉ ነበር።

ሞሪሸስ ያደጉት ፖርት ሉዊስ ውስጥ በቆርቆሮ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1975 ጀርቬዝ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ጣሪያቸው ተነሥቶ ሄደ። ሞሪሸስ ከምድር ወገብ ወደ ደቡብ 20 ዲግሪ ላይ ናትና አውሎ ነፋስ ይጎበኛታል። ማሄ ግን ለወገቡ ቅርብ፣ 4 ዲግሪ ከግማሽ ገደማ ላይ ስለሆነች እንዲህ ያለው ነፋስ እዚያ መሽከርከሪያ ጉልበት አያገኝም። በጃንዋሪ 2024 እንኳ ቤላል የተባለው ነፋስ በመጣ ጊዜ የፖርት ሉዊስ መንገድ ወንዝ ሆኖ መኪና ይወስድ ነበር። ማዳም ይህንን ሲናገሩ ግን እንደ ትልቅ ነገር አይቆጥሩትም። «ማስጠንቀቂያው በደረጃ ይነገራል፤ ሻማና ውኃ ትይዣለሽ፣ በርሽን ትዘጊያለሽ፣ ያልፋል» ይላሉ።

የሞሪሸስን ጥሩ ነገር ከጠየቃችኋቸው ትምህርት ቤት ይላሉ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በነፃ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው፤ ከ2005 ጀምሮ ደግሞ ተማሪዎችና አዛውንቶች አውቶቡስ በነፃ ይሳፈራሉ። አገሩ ከማሄ አሥራ ሁለት እጥፍ ያህል ይሰፋል፤ ሕዝቡም ከአንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ይበልጣል። ሰው ሰው የሚሸት አገር ነው ማለት ነው፤ ገበያው አንድ፣ ሐኪሙ አንድ፣ ወሬውም አንድ አይደለም። ከጥንት ባለቤት የሚባል ሕዝብ የላትም፤ ሁሉም መጤ ነው። ፈረንሳዮች ከአፍሪካና ከማዳጋስካር በባርነት ያመጧቸው አሉ። ከ1834 ወዲህ ደግሞ እንግሊዞች ለሸንኮራ አገዳው ከሕንድ በውል ያመጧቸው ግማሽ ሚሊዮን ያህል ናቸው፤ ፖርት ሉዊስ ወደብ ላይ የወጡበት የድንጋይ ደረጃ ዛሬ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በውል ሥራ ወደ ደሴት መሄድ የእኛ አማች የጀመረው አይደለም።

ማዳም በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ሹራብ ፋብሪካ ገቡ። ሞሪሸስ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣችው ሕግ ለውጭ ገበያ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ሲከፈቱ፣ ከቤት ወጥተው መኪና ላይ የተቀመጡት በብዛት ሴቶች ነበሩ። «የመጀመሪያ ደመወዜን ለእናቴ ሰጥቼ፣ በቀረው ለራሴ ጫማ ገዛሁ፤ ቀይ ነበር» አሉኝ። ኋላ አንድ የሲሼልስ መርከበኛ አግብተው ማሄ መጡ። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ብላቸው ትከሻቸውን ሰበቁ። «እኔን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሞሪሸስ ሥራ ሰጠኝ፣ ሲሼልስ ባል ሰጠኝ። ልጅሽን ምን ይሰጧታል?» አሉ። ደብተሬን ገልጬ ይህን ጻፍሁ፤ ከእኔ ጥያቄዎች ሁሉ የተሻለ ነበርና።

ሞሪሸስ ያለው ድርጅት ስለ ልጄ ምን እንዳለ አማቼ ጠይቆ ነገረን፤ «በኋላ ይታያል» ነው መልሱ። እኔ ደግሞ «በኋላ ይታያል» ተብሎ የተመራ ፋይል መጨረሻውን አውቀዋለሁ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ተመልሶ የታየው ሁለት ነው።

ዛንዚባርን በሦስተኛ ደረጃ የጻፍሁት ስለምንቀው አልነበረም፤ ስለፈራሁት ነው። አማቼ ሥራውን ሊያይ ለአንድ ሳምንት ሲሄድ ልጄና ሕፃኗም ስለተከተሉት እኔም ከአዲስ አበባ ተነሥቼ እዚያ አገኘኋቸው። የመብራቱን ታሪክ አስቀድሜ ሰምቻለሁ። ደሴቲቱ ኤሌክትሪክ የምታገኘው ከታንዛንያ ምድር በባሕር ሥር በተዘረጋ ገመድ ነው። ያ ገመድ ተበላሽቶ እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ ወር ያህል፣ ከ2009 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ሦስት ወር ያህል በጨለማ ተቀምጠዋል። በ2013 አዲስ ገመድ ተዘርግቷል፤ ቢሆንም መብራት አልፎ አልፎ ይጠፋል፤ እኛ በነበርንበት ሳምንት ሁለት ጊዜ ጠፋ። አማቼ ፊቱ በራ። ለማቀዝቀዣ መካኒክ መብራት መጥፋት እንጀራ ነው።

ዳራጃኒ ገበያ ገባን። ካሳቫው፣ ሙዙ፣ ማንጎው፣ ቅመማ ቅመሙ የአገሩ ምድር ያበቀለው ነው። ሻጯ ትጠራለች፣ እኔ እቀንሳለሁ፣ እሷ እንደ መኮሳተር ብላ ትስቃለች፤ በመካከላችን ቋንቋ ሳይኖር ተግባባን። ሻይን ሻይ፣ ሳሙናን ሳቡኒ ይሉታል። ቡናቸውን ጥቁሩን በትንሽ ስኒ ይጠጣሉ፤ መንገድ ዳር ተቀምጦ የሚጠጣው ግን ወንዱ ነው፤ ሴቷ የት እንደምትጠጣ ስጠይቅ በየቤቷ አሉኝ። ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙስሊም ነው፤ አለባበስ ሰብሰብ ማለት ያስፈልጋል፤ በረመዳን ቀን በአደባባይ መብላት ነውር ነው። ለእኛ አገር ሰው ይህ የሚከብድ አይመስለኝም። ያረፍንበት ሠፈር ሴቶች በሁለተኛው ቀን ሕፃኗን ከልጄ እጅ ወሰዱ፤ ለምሳ መለሷት፤ ለመኝታ መለሷት። ልጄ ጠፋችብኝ ብላ አልተጨነቀችም። በማሄ ሦስት ወር ውስጥ እንዲህ ስትቀመጥ አላየኋትም ነበር።

አንድ ቀን ድንጋይማው ከተማ ውስጥ ስንዘዋወር የጥንቱ የባሪያ ገበያ ወደነበረበት ወሰዱን። ገበያው በ1873 እ.ኤ.አ. ተዘጋ፤ ዛሬ በቦታው ላይ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። የዛንዚባር ሱልጣን ልጅ የነበረችው ሰይዳ ሳልሜ በ1886 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ውስጥ፣ በአባቷ ቤት ከነበሩት ሴቶች መካከል ሐበሾች እንደነበሩ ጽፋለች። የተሸጡ ናቸው። ያለ ውል፣ ያለ ፈቃድ፣ ያለ መመለሻ ቲኬት ከእኔ በፊት እዚህ የደረሱ የአገሬ ሴቶች ነበሩ ማለት ነው። ልጄ ሕፃኗን ወደ ደረቷ ሳብ አድርጋ «እንሂድ» አለች፤ ወጣን። ማዳምንም ያሰብኋቸው እዚያ ነው።

የዛንዚባር ጉድለት ብዙ ነው፤ አልሸፍንም። ከባድ ሕመም ሲያጋጥም ብዙ ሰው ወደ ዳሬሰላም ይሻገራል፤ በፈጣኑ ጀልባ ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ ሌሊት ሕፃን ስታንቀው ግን ሁለት ሰዓት ረጅም ነው። ወባ በእጅጉ ቢቀንስም አጎበር መዘርጋት አይቀርም። የቧንቧ ውኃ እንደ ሠፈሩ ነው። መሬት የመንግሥት ስለሆነ የውጭ ሰው ሊከራየው እንጂ የራሱ ሊያደርገው አይችልም፤ ይህ ለሀብታም ካልሆነ ለእኛ ቁም ነገር አይደለም። በምሥራቁ የባሕር ዳር ሴቶቹ ባሕር ሲሸሽ ውኃው ውስጥ ገብተው የባሕር አረም ያለማሉ፤ ከ1989 ጀምሮ የራሳቸውን ገንዘብ የሚይዙበት ሥራ ነው። አሁን ውኃው እየሞቀ ስለሄደ ጥሩ ዋጋ የሚያወጣው ዓይነት እየሞተባቸው ነው። አንዲቱን ሳያት እስከ ወገቧ ጨው ውስጥ ቆማ፣ ጎንበስ ብላ፣ ገመዱን ትቋጥራለች። ባርኔጣ ካደረገችው ሴት ሥዕል አጠገብ ይህችኛዋም ብትለጠፍ እወድ ነበር።

ታዲያ ለምን ዛንዚባርን መረጥሁ ብትሉ፣ የሆቴሉ ሰው ልጄን «አንቺስ ምን ሠርተሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ የጠየቃት እዚያ ብቻ ስለሆነ ነው። ሂሳብ ክፍላቸው ሰው ጎድሎት ነበር። ወረቀት አምጥቶ አንድ ወር ሂሳብ እንድታስታርቅ ሰጣት። ልጄ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ስሕተቱን አግኝታ አመጣች፤ አንድ የአትክልት አቅራቢ ሁለት ጊዜ ተከፍሎታል። ከቢሮው ስትወጣ አረማመዷ ተለውጦ ነበር። የድሮ ልጄን አየሁ።

አማቼ ሞሪሸስን ይወድዳል፤ ደመወዙም እዚያ ይበልጣል፤ ለሕፃኗ ትምህርት ቤቱም እንደሚሻል እኔም አልካድሁም። ሁለት ማታ ተከራከርን። ሕፃኗ ትምህርት ቤት ለመግባት ገና አራት ዓመት ይቀራታል፤ እናቷ ግን ዛሬ ናት ያለችው አልሁት። ዝም ብሎ ቆየና «እውነትዎን ነው፣ እማማ» አለኝ። ደመወዝ ማነስ ለወንድ ቀላል ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አመሰገንሁት።

ውሉን ግን እንደ ዱሮው አልተቀበልንም። መነጽሬን አድርጌ ቃል በቃል አነበብሁት። ሕክምና በሚለው ሥር «መውለድን ጨምሮ» የሚል አስገባን፤ ለጽኑ ሕመም ወደ ዳሬሰላም መሻገሪያው በአሠሪው እንዲሆን ጠየቅን፤ ተቀበሉ። ውሉ ቢፈርስ የመመለሻው ቲኬት ለሦስቱም እንዲሆን ጻፍን። የልጄ ሥራ በባልዋ ውል ግርጌ እንዲጠቀስ ፈልገው ነበር፤ ለብቻዋ ውል፣ ለብቻዋም የሥራ ፈቃድ ይሁን አልን። በዚህ ላይ ጥቂት አንገራገሩ።

የእኔ ነገርስ? አስቤበታለሁ። ልጄ እውነቷን ነው፤ ባዶ ቤት ማታ ማታ ይከብዳል። ነገር ግን እዚያ ብሄድ በወረቀት ላይ የምጻፈው እኔም የሰው ጥገኛ ተብዬ ነው፤ ልጄን አምርሬ ካስነሣኋት ወንበር ላይ እኔ ልቀመጥ ነው? እዚህ የእድሩ ሒሳብ ያዥ ነኝ። ማክሰኞ ማክሰኞ የጎረቤቴን የልጅ ልጆች የምጠብቀው እኔ ነኝ። በዓመት ሦስት ወር እመጣለሁ አልኋት፤ አኩርፋ ነበር፣ ኋላ ግን «በየትኛው ወር?» ብላ ጠየቀች። ከባዱ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለሆነ ከእሱ በኋላ፣ ሰኔ ላይ ብለናል።

ለማዳም ስልክ ደውዬ ነገርኋቸው። «ከዚያ ወደ አገርሽ መመለሻ አለ?» አሉኝ። በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት ያህል ነው ብላቸው «እንግዲያው ይሂዱ» አሉ። ስለ ሕፃኗ ጥርስ ጠየቁኝ። ሁለት አብቅላለች።

የአማቼ ፈቃድ ወጥቷል። የልጄ ግን ይህን ስጽፍላችሁ ገና አልደረሰም፤ በዚህ ሳምንት ይመጣል ብለዋል። እሱ በእጇ ሳይገባ ሻንጣ እንዳትዘጋ ነግሬያታለሁ። በርበሬውን ግን አስፈጭቼ በጠርሙስ አሽጌያለሁ።